ስለ አደንጓሬ አመጣጥና በጓሮ ስለሚጠበቀው ዘር

በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ የሚኖር ገበሬ ሁለት ዓይነት መሬት አለው። አንደኛው በሬ የሚጠመድበት እርሻ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከቤቱ ጀርባ ወይም ከአጥሩ ሥር የሚገኘው ጓሮ ነው። ስለ እርሻው ብዙ ተጽፏል። ግብር የሚገመተው፥ አስራት የሚወጣው፥ የርስት ሙግት የሚነሣው በእርሻው ላይ ስለ ነበረ፥ የአገሩ ጸሐፊም ሆነ የውጭ አገሩ መንገደኛ ዓይኑን የጣለው በዚያው ላይ ነው። ጓሮው ግን በዶማ የሚቆፈር፥ በአመድና በቤት ጥራጊ የሚዳብር፥ ይበልጡንም በሴቶች እጅ የሚለማ በመሆኑ ከመዝገብ ውጭ ቀርቷል። ከዚህ የተነሣ የጓሮ ተክል ታሪክ የሚመረመረው ከብራና ላይ ሳይሆን ከሦስት ሌሎች ምስክሮች ነው፤ እነርሱም ስሙ፥ ዘሩና የዘሩ አጠባበቅ ናቸው። ይህ ነገር በጉልህ ከሚታይባቸው ተክሎች አንዱ አደንጓሬ ነው።

አደንጓሬ የሚባለው በአጥር፥ በእንጨትና በበቆሎ አገዳ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፥ ፍሬውም ነጭ፥ ቀይ፥ ጥቁር ወይም ዝንጉርጉር የሚሆን ሐረግ ነው። ስሙ በየአገሩ አንድ ወጥ አይደለም። በአንዳንዱ ስፍራ አደንጓሬና ቦሎቄ ለአንድ ነገር ይነገራሉ፤ በሌላው ደግሞ ረጅሙ ሐረግ አደንጓሬ፥ አጭሩ ቦሎቄ እየተባለ ይለያል። የዕፀዋት ሊቃውንትም ሁለት ዓይነት አድርገው ይከፍሉታል። አንዱን ፋሴዎሉስ ቩልጋሪስ፥ ሁለተኛውንና በደጋ ጓሮ የሚዘወተረውን ባለ ትልቅ ፍሬ ሐረግ ፋሴዎሉስ ኮክሲኔዩስ ብለውታል። ሁለቱም ከባቄላ ጋር ሊምታቱ አይገባም። ባቄላ የጥንቱ ዓለም ልጅ ነው፤ በምሥራቅ ሜዲተራኒያን አገሮች ከድንጋይ መሣሪያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ፥ በኢትዮጵያም በሬ አርሶት፥ በአውድማ ተወቅቶ፥ ሽሮና ክክ፥ በጸሎተ ሐሙስም ጉልባን ሆኖ የኖረ የእርሻ እህል ነው። የአደንጓሬና የቦሎቄ አገር ግን አሜሪካ ነው።

ቦሎቄ በዱር ከሚበቅለው ወገኑ ተለይቶ ለማዳ የሆነው በሁለት ስፍራ፥ ይኸውም በሜክሲኮ አካባቢና በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች መሆኑ ተረጋግጧል። ባለ ትልቅ ፍሬው አደንጓሬ ደግሞ ከሜክሲኮና ከጓቴማላ ደጋዎች የወጣ ነው። እንግዲህ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ከሁለቱ አንዱም በአፍሪካ ምድር አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት አላወቁትም፤ በላሊበላ ዓለቱን የፈለፈሉት ሠራተኞች ንፍሮውን አልበሉም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በዘመናቸው ዘሩ ወደ አገራቸው አልደረሰም። ዛሬ ግን አያቶቻችን ያወረሱን የአገር እህል ነው ተብሎ ሲነገርለት የሚሰማው ሁሉ ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል። እንግዳ ተክል በአራትና በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ ባላገር ሊሆን የቻለበት መንገድ ራሱን የቻለ የታሪክ ጥያቄ ነው።

የተለመደው መልስ ፖርቱጋሎች አመጡት የሚለው ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥተዋል፤ ክሪስቶቮ ዳ ጋማም እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ በምፅዋ በኩል ገብቷል። ከነዚህ ሰዎች መካከል ጥቂቱ ተዋልዶ በአገር ስለ ቀረ፥ ዘሩ ከእነርሱ ጋር መጣ ማለት በፊት ለፊት ሲታይ ይመቻል። ነገር ግን ወታደር በኪሱ ይዞት መጣ የሚለው አስተያየት ለታሪክ ጥሩ ትረካ ከመሆኑ በቀር ብዙ ነገር አያስረዳም። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ምፅዋን ከያዙ በኋላ የቀይ ባሕር ንግድ አልተቋረጠም፤ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያሉት የምሥራቅ አፍሪካ ወደቦችም የአሜሪካን እህል በየጊዜው ይቀበሉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚመዝነው የዘሩ የራሱ ምስክርነት ነው። የአንዲሱ ቦሎቄና የሜክሲኮው ቦሎቄ በፍሬያቸው ውስጥ ባለው ገንቢ ንጥረ ነገር ይለያያሉ፤ በዘመናችን የተደረገው ምርመራም ሁለቱም ወገኖች በኢትዮጵያ እንደሚገኙ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በአንድ በር ገባ ከማለት ይልቅ፥ ብዙ ጊዜ በብዙ በር ገባ ማለት ለእውነት የቀረበ ነው።

ስሙም ቢሆን የሚያስተምረው ነገር አለው። ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል በአማርኛ ስም የሚያገኝበት መንገድ ቢያንስ ሁለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ እንግድነቱ በስሙ ላይ ይለጠፋል። በቆሎ በብዙ ስፍራ የባሕር ማሽላ ይባላል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባውም ዛፍ እስከ ዛሬ ባሕር ዛፍ እንደ ተባለ ቀርቷል። በሁለተኛው መንገድ ግን እንግዳው የባላገሩን ስም ይወርሳል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ድንች ነው። ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ የአሜሪካውን ድንች ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ ይነገራል፤ ድንች የሚለው ስም ግን ከዚያ በፊት የአገሩ ተወላጅ የሆነው ሥራ ሥር መጠሪያ ነበር። መጤው ስሙን ከወሰደበት በኋላ ባለቤቱ የወላይታ ድንች፥ የኦሮሞ ድንች እየተባለ በቅጽል እንዲጠራ ተገደደ። ዱባም እንዲሁ ነው፤ በዓረብኛ ዱባእ የጥንቱ ቅል ስም ሲሆን፥ አሜሪካዊው ዱባ በደረሰ ጊዜ ስሙ ወደ እርሱ ተዛወረ።

በአደንጓሬ ስም ላይ የባሕር ምልክት የለም። ይህም ተክሉ ወደ ጓሮ የገባው እንደ አዲስ ነገር ሳይሆን ቀድሞ የሚያውቁትን ነገር መስሎ መሆኑን ያመለክታል። በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ እየተጠመጠሙ የሚወጡ፥ በቅርፊት ውስጥ ፍሬ የሚይዙ የአገር ተወላጅ ዘሮች ነበሩ፤ እነዚህን የሚዘራ ሰው አሜሪካዊውን ሐረግ ሲያይ የቅርብ ዘመድ አድርጎ ቢቀበለው አያስገርምም። በአውሮፓም የሆነው ይኸው ነው። ሮማውያን ፋሴዎሉስ ይሉት የነበረው ተክል ከአፍሪካ የወጣውን ዓይነት ነበረ፤ አሜሪካዊው በመጣ ጊዜ ስሙን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ሊቃውንቱም በመጨረሻ መጤውን በዚያ ስም አጸኑት። በዚህ ረገድ የሮማ ገበሬና የኢትዮጵያ ባልቴት ያሳዩት ጠባይ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ያው ቦሎቄ ዘግይቶ ሌላ ስም ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ ገብቷል። በከተማ ከካሮት ጋር ተቀቅሎ በለጋነቱ የሚበላው ፎሶሊያ በዘሩ ከቦሎቄ የተለየ አይደለም፤ ስሙም ከዚያው ከፋሴዎሉስ የመነጨ ነው። በኑሮው ግን ከባላገሩ ወንድሙ ጋር አይገናኝም። ፎሶሊያ የሚቀጠፈው ፍሬው ሳይጎመራ ስለ ሆነ፥ የሚያበቅለው ሰው ዘር አይተርፈውም፤ በየዓመቱ ከሱቅ ይገዛል። አደንጓሬ የሚበላው ግን ደርቆ ስለ ሆነ፥ ምግቡና ዘሩ አንድ ነገር ነው። በአንድ ማሰሮ ውስጥ ያለው ግማሹ ንፍሮ፥ ግማሹ የሚመጣው ዓመት ነው። የዘር አጠባበቅ ጥበብ የበቀለውም ከዚህ ጠባብ ነገር ነው፤ የሚበላውንና የማይበላውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው የግድ ያስፈልጋልና።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ዝናም ሲይዝ ፍሬው በአጥር ሥር ወይም በቆሎው ብቅ ካለ በኋላ በአጠገቡ እየተጫረ ይተከላል። በቆሎው ለሐረጉ ምሰሶ ይሆነዋል፤ ሐረጉም በሥሩ መሬቱን ያለማለታል፤ በመካከላቸው የሚዘረጋው ዱባ ደግሞ በሰፊ ቅጠሉ ዐረሙን ይጫነዋል። በቆሎ፥ አደንጓሬና ዱባ ሦስቱም አሜሪካውያን መሆናቸው፥ በአሜሪካም የቀድሞዎቹ ባላገሮች ሦስቱን በአንድነት ይተክሉ እንደ ነበረ ሲታሰብ ነገሩ ይደንቃል። ሆኖም ከዚያ ተምረው አደረጉት የሚያሰኝ አይደለም። ጠባብ ጓሮ ያላት ሴት ምሰሶ ለመትከል እንጨት ስታጣ ሐረጉን ወደ በቆሎው መምራቷ የትም አገር ቢሆን የማይቀር ነው። ዘሮቹ በልዩ ልዩ ጊዜና መንገድ ቢመጡም እንኳ ጓሮው ራሱ መልሶ አገናኝቷቸዋል።

ዘር የሚሆነው ቅርፊት ከመበስበሱ በፊት፥ ነገር ግን በሐረጉ ላይ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ይለቀማል። በመጀመሪያ የጎመራው፥ ቅርፊቱ የሞላውና ነቁጥ የሌለበት ይመረጣል። እንደ እርሻ ባቄላ በበሬ አይበራይም፤ በእጅ ይፈለፈላል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአውድማ ላይ እህል በክምር ይታያል፤ በእጅ ሲፈለፈል ግን እያንዳንዱ ፍሬ በጣቶች መካከል ያልፋል፥ ይታያል፥ ይዳኛል። የተጨማደደውና የተበሳው ወደ ድስት፥ ዘር የሚሆነው ለብቻው። ከዚያም በፀሐይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ቀዝቅዞ፥ በተነፋ አመድ ይታሻል፤ በቅል ወይም በትንሽ ሸክላ ውስጥ ገብቶ አፉ በጭቃ ወይም በእበት ይመረጋል። ቅሉ ጢስ በሚያገኘው ስፍራ፥ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በነቀዝ ምክንያት ነው። የቦሎቄ ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ወይም በቅርፊቱ ላይ ይጥላል፤ ትሉ ፍሬውን ሰርስሮ ገብቶ ከውጭ ሳይታይ ይበላዋል። የሚገርመው፥ ለቦሎቄ ዋና ጠላት የሆኑት ሁለቱ የነቀዝ ዓይነቶችም የተወለዱት በአሜሪካ ነው፤ እንግዳው ሲመጣ ደዌውን ይዞ መጥቷል ማለት ነው። አመዱ የነቀዙን ገላ እየፋቀ ያደርቀዋል፥ በፍሬዎቹም መካከል እንዳይመላለስ መንገድ ይዘጋበታል። የፀሐዩ ሐሩር ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ ሳይኖር ነገሩ ተደርሶበታል፤ ምናልባትም ለጤፍና ለማሽላ ዘር ይደረግ ከነበረው ተወስዶ፥ ለአዲሱ ጠላት እንዲስማማ ታርሟል።

ቀለምን ለይቶ ማስቀመጥም የዚሁ ጥበብ አንድ ክፍል ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በዚህ ረገድ እጅግ ይለያያሉ። ቦሎቄ አበባው ከመፈንዳቱ አስቀድሞ በራሱ ስለሚዳቀል፥ ቀይ የተዘራ ቀይ፥ ነጭ የተዘራ ነጭ ሆኖ ለብዙ ትውልድ ይቆያል። ባለ ትልቅ ፍሬው አደንጓሬ ግን ንብና ሌሎች በራሪዎች ከአበባ ወደ አበባ እየተመላለሱ ያዳቅሉታል፤ ስለዚህ ከአንድ ቀለም ዘር በሚቀጥለው ዓመት ዝንጉርጉር ይወጣል። የጓሮዋ ባለቤት የዘር ውርስን ትምህርት ሳትሰማ፥ አንደኛው እንደሚታመን፥ ሁለተኛው እንደሚለዋወጥ ታውቃለች። አዲስ መልክ ያለው ፍሬ ስታገኝ መጣሉን ወይም ለብቻው መዝራቱን የምትወስነው እርስዋ ናት። ቶሎ የሚበስለው፥ ለሽሮ የሚስማማው፥ ጭጋግ የሚችለው ዓይነት የተገኘው እንደዚህ ባለ ውሳኔ ብዛት ነው። የትኛውም መንግሥት ያላዘዘው፥ የትኛውም ትምህርት ቤት ያላስተማረው የዘር ማሻሻል ሥራ ይሉታል ይኸ ነው።

ዘሩ ከቤት ወደ ቤት የሚሄድበትም መንገድ ከእርሻ እህል የተለየ ነው። ማረሻ የወንድ እጅ ስለ ሆነ የእርሻ ዘር የሚበደሩትና የሚለዋወጡት ይበልጡን ወንዶች ናቸው፤ ገበያና ጎተራም መካከል ገብቶ ይሸምታል። የጓሮ ዘር ግን በእፍኝ ይሰጣል። ሴት ልጅ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ የእናቷን ጓሮ ዘር ቋጥራ መውሰዷ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዘሩ ቢጠፋባት የምትመለሰውም ወደ እናቷ ወይም ወደ ጎረቤቷ ነው። እንግዲህ አደንጓሬ በደጋው ምድር የተስፋፋበትን መንገድ ለማወቅ የሚሻ ሰው የነጋዴን ጎዳናና የሠራዊትን ዘመቻ ብቻ ቢከተል አይበቃውም፤ የጋብቻን መረብ መከተል ይገባዋል። አንድ ዘር በየትውልዱ አንድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ቢሻገርና በየጊዜው ለጎረቤት እፍኝ ቢሰጥ፥ አራት መቶ ዓመት ሰፊ አገር ለመሙላት ጊዜው ይበቃዋል።

ጓሮው የተፈተነበት ጊዜ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው። በምፅዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሩን ከብት ፈጀ፤ ዝናምም ተጓደለ፥ አንበጣና ተምችም ተከተለ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ገበሬ የዘሩን እህል በላ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቶቻቸውና ለሠራዊታቸው አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል። ይህ ድርጊት በታሪክ የሚጠቀሰው የንጉሡን ትሕትና ለማሳየት ነው። ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ነገር ያስረዳል፤ በዚያ ዓመት መላው አገር ወደ ጓሮ አሠራር እንደ ተመለሰ። በዶማ የሚለማና በእፍኝ የሚዘራ ተክል በሬ አይሻም። ባለ ትልቅ ፍሬው አደንጓሬ ደግሞ ከሥሩ ያበጠ ሥራ ሥር ስላለው፥ ሐረጉ ቢደርቅ እንኳ ዝናም ሲመለስ ያለ አዲስ ዘር ሊያቈጠቍጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ጓሮ ብቻውን ሕዝብ አያድንም፤ በዚያ ዘመን ያለቀው ሰውም ብዙ ነው። የዘር ጠባቂዋ ከሞተችና ቤቷ ከተዘጋ፥ በቅሉ ውስጥ የቀረው ፍሬ ሦስት አራት ዓመት ከቆየ በኋላ የመብቀል ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል።

ከሰላሳ አምስት ዓመታት ያህል በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1927 የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በጅቡቲ በኩል ገብቶ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንንም አነጋገረ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተጉዞ በኤርትራ በኩል ወጣ። በየመንገዱ የሰበሰበው የስንዴ፥ የገብስና የጥራጥሬ ዘር ብዛት ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መነሻዎች መካከል እንዲቈጥራት አደረገው። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ለብዙዎቹ ሰብሎች መነሻ ከማለት ይልቅ ሁለተኛ የመለያየት ስፍራ ማለትን መርጠዋል። አደንጓሬ ግን የዚህ ሁለተኛ መለያየት ሕያው ማስረጃ ነው፤ የተወለደው ሌላ አገር ሆኖ ሳለ፥ መልኩ የበዛው እዚህ ጓሮ ውስጥ ነውና። ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ፥ ከልዩ ልዩ አገር ያመጣውን ዘር ይጠብቁ የነበሩት የሥራ ባልደረቦቹ ከነሩዙና ከነኦቾሎኒው ክምችት አጠገብ በረኃብ ሞቱ እንጂ ዘሩን አልነኩም። የእነዚህ ሰዎች ስም በክብር ተጽፏል። በክፉ ቀን የዘር ቅሏን ሳትከፍት የሞተች ባልቴት በሸዋና በጎጃም ብትኖር፥ ስሟን የጻፈ የለም።

በኢትዮጵያ የዕፀዋት ዘር ማዕከል በጀርመን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ብዙም ሳይቆይ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ደረሰና ገበሬው እንደ ቀድሞው የዘሩን እህል ወደ መብላት ተገፋ። በዚያን ጊዜ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን በበረዶ ቤት ማኖር ብቻውን እንደማይበቃና ገበሬው ራሱ በእርሻው ላይ እንዲጠብቀው መደረግ እንዳለበት ተከራከሩ፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ትክክለኛ ኑሮ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ሐሳባቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን የሥራው ዋና ትኩረት በስንዴና በማሽላ፥ ማለት በእርሻው ላይ ስለ ነበረ፥ ጓሮው በዚህም ጊዜ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀረት ብሏል።

በዚሁ ዘመን ቦሎቄ በሌላ አቅጣጫ ወደ እርሻ ወጣ። በስምጥ ሸለቆ ለአውሮፓ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች የሚላከው ነጭ ቦሎቄ፥ በተለይም ሜክሲኮ 142 የተባለው ዘር፥ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተስፋፋ። ገዢው የሚሻው አንድ ቀለምና አንድ ልክ ያለው ፍሬ ነው፤ ዝንጉርጉር ከተቀላቀለበት ዋጋው ይወድቃል። ለገበሬው ገንዘብ ያስገኘ በመሆኑ ይህን መንቀፍ አይገባም። ሆኖም የአንዲቱ ተክል ሁለት ታሪክ ፊት ለፊት የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ በእርሻ አንድ ቀለም ሲከበር፥ በጓሮ የቀለም ብዛት ይከበር ነበር።

የዘር ሰብሳቢ ወደ አንድ ቤት ሲመጣ ቦታውን፥ ከፍታውን፥ ቀኑንና የዘሩን ስም ይመዘግባል። ጥቂት እፍኝ በከረጢት ይወስዳል፤ ዘሩም ደርቆና ታሽጎ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። የተቀመጠው ፍሬ ግን ከማን እናት ቤት እንደ መጣ፥ ለምን ሲባል ከሌላው ተለይቶ እንደ ተዘራ፥ ቶሎ ስለሚበስል ይሁን ለልቅሶ ቤት ንፍሮ ስለሚመረጥ፥ በቅጹ ላይ ይህ የሚጻፍበት መስመር ብዙ ጊዜ የለም። ይህን ማወቅ የሚቻለው የዘሩ ጠባቂ በሕይወት ሳለች ቢጠይቋት ነው። ጥያቄውም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ፍሬውን በመዳፍ ላይ ዘርግቶ፥ ይህ ከየት መጣ፥ ያኛውስ ለምን ተለየ ብሎ መነሣት ይበቃል።